በእኔ ስም የኖረችው

ስሜን እዚህ አልጽፈውም። ለመደበቅ አይደለም፤ ብዙ ስለተሠራበት ትንሽ ይረፍ ብዬ ነው። በዚህ ስም ኻርቱም ውስጥ የሰው ቤት ተጠርጓል፣ ቤሩት ውስጥ የሰው አሮጊት ተጦራለች፣ ፖሊስ ጣቢያ ታድሯል፣ ልጅ ተወልዷል። እኔ በበኩሌ በዚሁ ስም መተማ ላይ ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ።

ነገሩ የፈነዳው ለአዲሱ መታወቂያ ልመዘገብ የሄድኩ ዕለት ነው። ቁጥሩን እስከ ወሩ መጨረሻ ያላመጣ መምህር ከደመወዝ ዝርዝር ይወጣል ተብለን ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ተሰለፍኩ፤ ተራዬ ሲደርስ ቀሚሴ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። መዝጋቢው ወጣት ነው። ስሜን፣ የእናቴን ስም፣ የተወለድኩበትን ቀን እየጠየቀ ጻፈና ድንገት ቆም አለ።

«ቲቸር፣ ባለፈው ሳምንት ተመዝግበሽ የለም እንዴ?»

«አልተመዘገብኩም።»

«እዚህ አለሽ እኮ። ስሙም፣ እናትም፣ ቀኑም አንድ ነው። ፎቶው ግን…» አለና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው።

ታናሽ እህቴ ነበረች። ጸጉሯን ወደ ኋላ አሲዛ፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ የእኔን ጉትቻ አንጠልጥላ። ስሜን ከወሰደች አሥራ አንድ ዓመት አልፏታል፤ ለምጄው ነበር። ጉትቻውን መውሰዷን ግን ያን ዕለት ነው ያወቅኩት፤ እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ ደሜን ያፈላው እሱ ነው።

ስሙን የወሰደችው እንዲህ ነበር። እኔ ሃያ፣ እሷ አሥራ አምስት ዓመታችን ነው። አባታችን ሞቷል፤ እናታችን ኮኪት ላይ ጠላ እየሸጠች ታኖረናለች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ፣ ከኮኪት ወጣ ብሎ ባለ አንድ የሰሊጥ እርሻ ላይ ለሠራተኞች ምግብ አብሳይ ሆኜ ገባሁ፤ እህቴንም አጋዥ ብዬ ይዣት ሄድኩ። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከበለሳ የመጡ አርባ የሚሆኑ አጫጆች ነበሩ።

ሰሊጥ ሲደርስ ቀልድ አያውቅም። ቀኑ ካለፈበት ራሱን ከፍቶ ፍሬውን መሬት ላይ ያፈሰዋል። ስለዚህ ሠራተኛ በመሐል ጥሎ እንዳይሄድ ካቦው የሁሉንም መታወቂያ ገና ሲመጡ ይሰበስባል፤ አጨዳው ሲያልቅ ይመልሳል። ሕግ አይደለም፣ ልማድ ነው፤ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም። የእኛ ካቦ ካርዶቹን በላስቲክ አስሮ በባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጣቸው ነበር። የእኔም እዚያው ገባ።

እርሻ ላይ ደግሞ በስም የሚጠራ የለም። «ጎጃሜው»፣ «ወሎዬው»፣ «ረጅሙ» ነው። እኔ «ወጥ ቤቷ» ነበርኩ። ሁለት ወር ሙሉ አንድ ሰው በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። አጨዳው አልቆ፣ ሰሊጡ እየታሰረ እንዲደርቅ ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ ካቦው መኪናው ላይ ወጥቶ ካርዶቹን አንድ በአንድ ያነባል። «አለሁ» ያለ ይወስዳል። ፊት የሚያይ የለም፤ ቢያይም አይጠቅመውም፤ ፎቶው በላብ ደብዝዟል፣ ባለቤቱም በፀሐይ ከስሏል። እኔ ያን ሰዓት ድስት ላጥብ ወንዝ ወርጃለሁ። ስሜ ሲነበብ እህቴ «አለሁ» አለች።

ተመልሼ «የእኔስ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ስምሽ ማን ነበር?» አለኝ። ነገርኩት። «ተወስዷል» አለና ወደ ሥራው ዞረ።

እህቴ በመጀመሪያው መኪና ከአጫጆቹ ጋር ወጥታ ነበር። መተማ ስደርስ ድልድዩን ተሻግራ ሱዳን፣ ገላባት ገብታለች። ማዶ ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሥራ የሚሰጥ የለም፤ ለሃያ ዓመት ሴት ግን አለ። የፈለገችው ዕድሜዬን ነው፤ ስሜ አብሮ ሄደ።

እናቴ አለቀሰች። እኔ ደግሞ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ «መታወቂያዬ ጠፋብኝ» ብዬ ፈረምኩ። ማን እንደወሰደው ጠንቅቄ አውቃለሁ፤ እህቴን ሌባ ብዬ ለማስመዝገብ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ቤት ውስጥ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ስም አልነበራትም። «ያች ሌባ ደወለች?» ነበር የምለው። እናቴ ትቆጣኝ ነበር፤ አልተውኩም።

ምትኩን አወጣሁ፤ በእሱም መምህራን ኮሌጅ ገባሁ። እሷም በአሮጌው ገዳሪፍ፣ ከዚያ ኻርቱም ደረሰች፤ እዚያም በስሜ ፓስፖርት አወጣች፤ በፓስፖርቱ ቤሩት ሄደች። እኔ ሸሕዲን አልፌ ከጎንደር ወዲያ አላየሁም፤ ስሜ ግን ባሕር ተሻገረ።

አንድ ጊዜ ከገዳሪፍ የሚመላለስ ነጋዴ ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ አስጠራኝ። የሱዳን ሴቶች የሚለብሱትን ቶብ ይዟል፤ እህቴ ከኻርቱም ልካልኝ ነው። ሰውየው ጥንቁቅ ነው፤ መታወቂያ አሳይኝ አለኝ። አሳየሁት። በወረቀቱ ላይ ካለው የላኪ ስም ጋር አስተያየና ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ላኪም አንች፣ ተቀባይም አንች! ለራስሽ ለመላክ እኔን ምን አለፋሽኝ?» እኔ አልሳቅኩም። ቶቡን ለእናቴ ሰጠኋት። እናቴ ስትሞትም እህቴ ቤሩት ነበረች፤ አሠሪዋ ፓስፖርቷን ይዛባት ስለነበር ለቀብር አልመጣችም። በስልክ እያለቀሰች፣ በዚህ በኩል እኔ እያለቀስኩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አልተሰዳደብንም።

ከቤሩት ተባርራ ኻርቱም ተመለሰች፣ ልጅ ወለደች። የልጅቷ አባት ወደ ሊቢያ ሄዶ ድምፁ ጠፋ። ከዚያ ኻርቱም ውስጥ ጦርነት ተነሣ፤ ስልኳም ጠፋ።

ከትምህርት ቤት ስወጣ በየቀኑ ወደ ድልድዩ እሄድ ነበር። ሰዉ ፍራሽ ተሸክሞ፣ ልጅ አዝሎ ይሻገራል። የሚመዘግቡት ሰዎች ዘንድ ቀርቤ የእህቴን ስም እነግራቸዋለሁ፤ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ያዩልኛል፤ የለችም። አሥራ ሁለት ቀን እንዲህ ተመላለስኩ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ነው ጅልነቴ የገባኝ። የራሴን ስም ተናገርኩ።

«አለች» አሉኝ። «ትናንት ነው የገባችው፤ ከአንዲት ሴት ልጅ ጋር።»

በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ መሬት ላይ ዘጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ በስሜ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሸራ ጥላ ሥር አገኘኋት። ከስታለች። ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ቀሚሷን ይዛ ቀና ብላ አየችኝና «ዲ ሚኑ?» አለች፤ ይቺ ማን ናት ማለቷ ነው። እህቴ «አክስትሽ ናት» አለቻት። ስሜን አልነገረቻትም። ምን ብላ ትነግራታለች? ልጅቷ ያንን ስም የምታውቀው የእናቷ ነው ብላ ነው።

ቤቴ ወሰድኳቸው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ደህና ነበሩ። አንድ ቀን ወረቀቶቿን ሁሉ አልጋው ላይ ዘረገፈቻቸው፤ የድሮው የቀበሌ ካርዴ፣ ፓስፖርቱ፣ የሱዳን የመኖሪያ ካርድ፣ የቤሩቱ። አራቱም ላይ ስሜ አለ፤ በዐረብኛው ላይ እንኳ እህቴ እያነበበች አሳየችኝ። በሦስቱ ላይ ያለው ፊት የእሷ ነው። በመጀመሪያው ላይ ያለውን ግን ልጅቷ አንሥታ «እማ፣ ይሄ ፎቶሽ አያምርም» አለቻት። የእኔ ፎቶ ነበር።

እህቴን በራሷ ስም ስጠራት አትዞርም። ግቢ ውስጥ ሁለት ሦስቴ እጣራለሁ፤ ወጥ ማማሰሏን አትተውም። አሥራ አንድ ዓመት በእሱ የጠራት የለማ። ጎረቤት የእኔን ስም ሲጠራ ግን ሁለታችንም እኩል «አቤት» እንላለን፤ ልጅቷ ደግሞ ትስቃለች።

እንግዲህ ያን ዕለት ከምዝገባው ቦታ እየተንደረደርኩ ቤት ስገባ እህቴ ግቢ ውስጥ ልብስ ታሰጣ ነበር። ጉትቻዬ ጆሮዋ ላይ ነው።

«በስሜ ተመዘገብሽ?» አልኳት።

አልካደችም። የልብስ መቆንጠጫውን ከአፏ አወጣችና «ተመዘገብኩ» አለች።

«ስሙ የኔ ነው እኮ! ስንት ጊዜ ነው የምትሰርቂኝ?»

«ወላሂ፣ እስኪ ንገሪኝ፣ ምን ሠራሽበት?» አለችኝ፤ ድምጿ ከፍ አለ። «እኔ በዚህ ስም ተሰድቤአለሁ፣ ተደብድቤአለሁ፣ ታስሬአለሁ። ያችን የቤሩት አሮጊት የራሷን ስም ረስታ ስሜን ብቻ እየጠራች እስክትሞት ጠብቄአታለሁ። አንች ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍሽው።»

«ሌባ!»

«ኸላስ፣ በቃ! ሌባ ነኝ። ከዚህ በኋላ ግን አልመልስም።»

ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ታየናለች። እህቴ ሄዳ አቀፈቻትና እያለቀሰች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«የልደት ወረቀቷ ላይ የእናት ስም ያንች ነው» አለችኝ ዞራ ሳታየኝ። «ስሙን ከመለስኩልሽ እኔ ማን ነኝ? ማፊሽ። የለሁም። አንች ልጅ የለሽም። ነገ ወረቀቱን ይዘሽ ልጄ ናት ብትይ ማን ይከለክልሻል?»

እንዲህ ታስበኛለች ብዬ ገምቼ አላውቅም ነበር። ልጅ እንደሌለኝ እውነት ነው፤ ስድስት ወር ሙሉ ያችን ልጅ ጸጉሯን እየሠራሁ፣ ፊደል እያስቆጠርኩ፣ አጠገቤ አስተኝቻታለሁ። ልቤ አልመኛትም ነበር ብል ውሸት ነው። ወጥቼ የሰፈሩን መንገድ እስከ ጫፍ ሄድኩና ተመለስኩ።

መፍትሔ የሚያቀርብ አልጠፋም። ሸሕዲ ላይ አንድ ደላላ አለ አሉኝ፤ ለእህቴ በሦስተኛ ስም ካርድ በሁለት ቀን ያወጣላታል። እዚሁ መመዝገቢያው ቢሮ ያለ የማውቀው ሰው ደግሞ ለእኔ መከረኝ፤ የአያትሽን ስም ትንሽ አስተካክለሽ አዲስ ሰው ሆነሽ ተመዝገቢ፣ ማን ያውቃል ብሎ። እሱን ከበሩ ሳልወጣ ነው የመለስኩለት። አያቴ ከጭልጋ በእግሩ ወርዶ እዚህ በረሃ ሞፈር ያስገባ ሰው ነው፤ ለመዝገብ ይመቻል ብዬ የማስተካክለው አያት የለኝም። እህቴም በሦስተኛ ስም አትገባም። ልጅቷ ስንት ጊዜ እናት ትቀያይር?

«የራስሽን ስም ነው የምናወጣው» አልኳት በማግሥቱ። «ልጅቷን ከራስሽ ስም ሥር። አልወስድብሽም። ካላመንሽኝ ተይው፤ ግን ነገ ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ።»

ጉትቻውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። መልሼ ሰጠኋት። እውነት ለመናገር እሷ ላይ ነው የሚያምረው።

የራስን ስም ማስመለስ ግን የሰው ስም ከመውሰድ ይከብዳል። እህቴ በራሷ ስም መታወቂያ ኖሯት አያውቅም። የተማረችበት የኮኪት ትምህርት ቤት የድሮ መዝገብ አለ ተባልን፤ ስንሄድ ምስጥ በልቶታል። ዱቄቱን አይተን ተመለስን። የቀረን ሦስት ምስክር ማቅረብ ነው። ከኮኪት የእናታችን ሁለት ጎረቤቶች ይመሰክራሉ፤ ሦስተኛውን እኔ አውቀዋለሁ አልኩና በሚኒባስ ሸሕዲ ሄድኩ።

ካቦው አርጅቶ ልጁ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አላወቀኝም።

«ወጥ ቤቷ ነኝ» አልኩት።

«እንዴ!» ብሎ ለመነሣት ሞከረ። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። ሰምቶ ሲጨርስ «ልጄ፣ ስንቱን ካርድ መለስኩ! አለሁ ያለ ሁሉ የወሰደ አይደል» አለ።

«እሱን መጥተው ይመስክሩልኝ፣ አባባ።»

«በስተርጅና ልታሳስሪኝ ነው?»

«አይደለም። ያኔ ያላዩትን ፊት አሁን እንዲያዩልኝ ነው።»

መጣ። ቢሮው በር ላይ እህቴን ሲያይ ዱላውን ተደግፎ ፊቷን ቀረብ ብሎ አየው። «ያን ጊዜ ቀና ብዬ ባይሽ ኖሮ አላሳልፍሽም ነበር» አላት። እህቴ አንገቷን ደፍታ እጁን ሳመችው።

ጉዳያችንን የያዘው ሰው በዕድሜ የገፋ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰቅል፣ ቁጡ የማይባል ሰው ነበር። ጎረቤቶቹ እናታችን ሁለት ሴቶች ልጆች እንደነበሯት ተናገሩ። ካቦው ካርዱን ፊት ሳያይ እንደሰጠ ተናገረ። ሰውየው ሁሉንም በእጁ ጻፈ። ከዚያ ልጅቷን ወደ ውጭ አስወጥቶ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ።

«አንድ ነገር ቀርቷል፣ መምህርት» አለኝ። «ይህች እህትሽ መታወቂያሽን ሰርቃሽ ነው ወይስ ሰጥተሻት? ሰርቃሽ ከሆነ ነገሩ ወደ ፖሊስ ይሄዳል፤ አንች ነፃ ነሽ፣ ስምሽም ይመለሳል። ልጅቷ እስኪጣራ ድረስ በወረቀት ከተጻፈችው እናቷ ጋር ትቆያለች። አንች ጋ ማለት ነው። ሰጥተሻት ከሆነ ግን…»

አልጨረሰውም። መጨረስም አላስፈለገውም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሌባ ስላት ኖሬአለሁ፤ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ጠይቁኝ ብዬ ነበር የኖርኩት። ስሜ፣ ሥራዬ፣ ያች ልጅ፣ ሦስቱም በአንዲት ቃል እጄ ይገባሉ። እህቴን አየኋት። አልለመነችኝም። አገጯን እንደ ፎቶው ቀና አድርጋ ፊት ለፊት ታያለች፤ የምለውን የምታውቅ መስሏት ተዘጋጅታለች።

«ሰጠኋት» አልኩ።

እህቴ ዞረች። አፏን ልትከፍት ስትል በጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጥኩት።

ሰውየው አንድ ያረጀ ወረቀት ከፋይሉ አወጣ። «ያኔ ጠፋብኝ ብለሽ ፈርመሻል እኮ።»

«ዋሽቼ ነው።»

«ይኸን ከጻፍኩት አንችም ትጠየቂበታለሽ። መሥሪያ ቤትሽም ይደርሳል።»

«ይጻፉት» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ውጭ ድረስ ተሰማ። «የሷንም ስም እስከ አያቷ ድረስ ይጻፉልኝ። ከዚያ ልጅቷን ከሷ ሥር።»

ጻፈው። ፈረምኩ። እህቴ መፈረሚያው ላይ ስትደርስ ብዕሩን ይዛ ቆየች፤ የራሷን ስም በአማርኛ ከጻፈች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ስትወጣ ልጅቷ ፊት ተንበርክካ ስሟን ነገረቻት። ልጅቷ ሁለቴ ደገመችው፤ ደስ ሳይላት ቀረና «እማ ብልሽ አይሻልም?» አለቻት።

የእህቴ መታወቂያ ወጣላት፤ ስሜም ስለተለቀቀ የእኔ ቁጥር ወጣ፤ የልጅቷም ወረቀት ተስተካከለ። ለእኔ ደግሞ ትምህርት ቤት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መጣልኝ፤ ለመንግሥት አካል ሐሰተኛ ቃል በመስጠት የሚል። ርእሰ መምህሩ ሲሰጠኝ አፍሮ መሬት መሬት ያያል። እኔ እዚያው ፊቱ ቆሜ አነበብኩት። ስሜ፣ የአባቴ ስም፣ የአያቴ ስም፣ ከሥሩም ያጠፋሁት ጥፋት። ሁሉም የራሴ ነበር።